የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ፤ በእግዚአብሔር ስለ መታመን

ለደብራችን በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ፥ በየቀኑ ኑሮ በእግዚአብሔር ስለ መታመን አንድ ነገር እንድጽፍ ታዘዝሁ። ስለዚህ ነገር ሊቃውንት ብዙ አስተምረዋል፤ የበረሓ አባቶችም ኑሮ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲነበብ የኖረ ነው። ነገር ግን የበረሓ አባት የሚድረው ልጅ የለውም፤ የሚካሰስበት ርስት የለውም፤ በወንድምና በምራት መካከል ተቀምጦ ጠብ አያበርድም። እኛ ግን አብዛኞቻችን ቤትና ልጅ፥ ዕዳና ዘመድ ያለን ሰዎች ነን። ስለዚህ ከሩቅ ምሳሌ ከማምጣት ይልቅ፥ ከቀሐ ወንዝ ማዶ በቁስቋም የኖሩትን፥ እናትም አያትም ንግሥትም የነበሩትን የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ ለመጻፍ ወደድሁ።

አስቀድሜ ግን ይህን ልናገር። የምጽፈው ገድል አይደለም። ዜና መዋዕላቸው ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ዜና መዋዕል ጋር በአንድነት የተጻፈ የነገሥታት ታሪክ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ሲፈርዱ የሳቱበት፥ ለዘመድ ያደሉበት ጊዜ ነበረ። እርሱን ብሸሽግ በቁስቋም ደጅ ያደጉት ሽማግሌዎች ይታዘቡኛል፤ የነገሩም ፍሬ ይጠፋል።

የተወለዱት በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ነው፤ ምን ያለች ውብ ናት እንደ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ምንት የግእዝ መጠይቅ ሲሆን ውብ የአገራችን ቃል ነውና፥ ግማሹ ከቅኔ ቤት ግማሹ ከገበያ የተገኘ ስም ነው። ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው አገር ለአገር ሲዞሩ በቋራ ታመው ወደቁ፥ በዚያም ያስታመመቻቸው ይህች ልጅ ነበረች እየተባለ ሲነገር ኖሯል። የታሪክ ሰዎች ይህን ወሬ እንደ ወሬነቱ ያኖሩታል። እኔ ግን የአገሬ ሰው ስለ እቴጌይቱ ሊናገር ሲጀምር ከዘውዳቸው ሳይሆን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ መጀመሩን ወድጄለታለሁ፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ፍጻሜያቸውም ከዚያ ሩቅ አልነበረምና።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ዐረፉ። (የምጽፈው ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።) ልጃቸው ኢያሱ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። ሕፃኑ ብርሃን ሰገድ ተብለው ነገሡ፤ እናታቸውም በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው የመንግሥቱን ሥራ ከልጃቸው ጋር ያዙ። በቤተ መንግሥት ውስጥ ባል የሞተባት ወጣት ሴት፥ ያውም ከቋራ የመጣች፥ ሕፃን ታቅፋ በዙፋን አጠገብ ስትቀመጥ የሚከተላትን ነገር ሁላችን እናውቃለን። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ተብለው የመንግሥቱን ሥራ ያዙ፤ ሌሎችም የቋራ ዘመዶች ሹመት አገኙ። የቀድሞዎቹ መኳንንት ቅር ተሰኙ፤ በ1725 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዐመፁ። ሕዝቅያስ የሚባል ሌላ ንጉሥ አንግሠው በፋሲል ግቢ ያሉትን እናትና ልጅ ከበቡ። ከበባው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ ከተማው ብዙ ተጐዳ፥ እሳትም ተነሣ። በኋላ ከዳሞት የመጣ ጦር ደርሶ አዳናቸው።

ከዚህ ላይ ጥቂት ላቁም። ከመከራ የዳነ ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ይህ ቀላል ነው። ከበባው በተፈታ ማግሥት ምስጋናችን ረዥም ነው፤ በዓመቱ ግን ያጥራል። የእቴጌ ምንትዋብ ምስጋና ግን ወደ ሥራ ተለወጠ፤ ሥራውም ዓመታት ፈጀ። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ከቀሐ ማዶ ባለው ተራራ ጥግ፥ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑም የተባረከው በ1732 ዓ.ም. ገደማ ነው። በአጠገቡ የሚኖሩበትን ቤትና የግብር አዳራሹን በድንጋይና በኖራ አስገነቡ፤ ግንብ ያለው ቅጥርም አዞሩበት። ፍርስራሹን ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀል አለ፤ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባም በአንበሳቸው ላይ ተቀምጠው ተቀርጸዋል። በጣና ላይም በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በናርጋ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር እቴጌይቱ ራሳቸው በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ብዙ ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ ራሳቸውን ግን በፈረስ ላይ ወይም በዙፋን ላይ ያሣሉት ይበዛሉ።

ቁስቋም የሚለውን ስም ለምን መረጡ? የዚህ ደብር ካህናት ጥያቄውን ከእኔ በፊት ይመልሱታል። ቁስቋም በግብፅ አገር እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ፊት በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት ተራራ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ጽጌን የምንጾመው፥ ሌሊቱንም በማኅሌተ ጽጌ የምናድረው ያንን ስደት እያሰብን ነው፤ ኅዳር 6 ቀንም በዓሉ ነው። እንግዲህ ሕፃን ንጉሥ ታቅፈው በጠላት የተከበቡ እናት፥ ሲድኑ የድል ስም ያለው ደብር አልተከሉም። ሕፃን ታቅፋ የተሰደደችውን እናት ስም አነሡ። ያዳነቻቸው እርሷ መሆኗን ብቻ ሳይሆን፥ ስደቱ ገና እንዳላለቀ የተረዱ ይመስለኛል።

ታመነ የሚለው የአማርኛችን ግስ ሁለት ፊት አለው። ሰው በእግዚአብሔር ታመነ ስንል ልቡን በእርሱ ላይ አሳረፈ ማለታችን ነው። ሎሌው ለጌታው ታመነ ስንል ደግሞ የተሰጠውን ሳያጎድል ጠበቀ ማለታችን ነው። እምነትም፥ ታማኝም፥ አሜንም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እኛ ግን በጸሎታችን ጊዜ የመጀመሪያውን ፊት ብቻ ይዘን ሁለተኛውን እንረሳዋለን። የምንለምነውን ከሰጠን ታመንን እንላለን፤ ያልሰጠን እንደ ሆነ ግን መታመናችን ምን ሊሆን ነው? የእቴጌይቱ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ አያስመልጠንም፤ ከቁስቋም መባረክ በኋላ ያለው ዘመናቸው ከሞላ ጎደል የማጣት ዘመን ነውና።

በ1736 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ ወደ ስናር ዘምተው ተሸነፉ። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል በጠላት እጅ ገባ፤ በኋላ ግን በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። ስለዚህ ሥዕል ሌላ ቀን ብዙ ሊጻፍ ይገባል፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀ ጊዜ ከአገር ወጥቷልና። ለአሁኑ ግን ይህን ብቻ ልብ እንበል፤ ሥዕሉ የሄደበት ጦር ድል ሆነ። በሥዕሉ መታመን ማለት ድል መግዛት የመሰላቸው ሰዎች በዚያን ቀን ግራ ሳይገባቸው አልቀረም።

ዐፄ ኢያሱ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ ጥቂት አልፈው በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ። በፋሲል ግቢ ከእሳትና ከጦር ያተረፏቸውን ልጅ፥ እናቲቱ በአልጋ ላይ ዐልቅሰው ቀበሩ። ሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ እቴጌይቱም እንደገና የሕፃን ንጉሥ ጠባቂ ሆኑ። ነገር ግን የሕፃኑ እናት ወይዘሮ ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበሩ፤ ልጄን የምጠብቅ እኔ ነኝ አሉ፤ ዘመዶቻቸውንም ወደ ጎንደር ጠሩ። ስለዚህ የቋራ ወገንና የውቢት ወገን በአንድ ግቢ ውስጥ ጎራ ለዩ።

እዚህ ላይ እቴጌይቱን ልወቅስ ይገባኛል። እርሳቸው በ1723 ዓ.ም. ለሕፃን ልጃቸው ያደረጉትን ምራታቸውም ለልጇ ልታደርግ ብትፈልግ ምን ያስደንቃል? አማትና ምራት በንጉሥ ግቢም በድሀ ጎጆም አንድ ናቸው። ለቋራ ወገኖቻቸው ሹመት ማብዛታቸውም ቀድሞ ያቃጠላቸው እሳት ነበረ፤ ሁለተኛም ያንኑ እሳት አነደዱት። በእግዚአብሔር መታመን የዘመድን አድልዎ ይሸፍናል ብሎ የሚያስተምር ካለ ከእኛ ዘንድ አይደለም። ራስ ወልደ ልዑል እስካሉ ድረስ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ሳይተራረዱ ቆዩ። እርሳቸው በ1759 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሚዛኑ ወደቀ፤ ጠቡን ያበርዳል ተብሎ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠራ።

የሆነው ይታወቃል። ራስ ሚካኤል ጎንደር ገብቶ ኀይሉን ካጸና በኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣላ፤ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ። የኢትዮጵያ ንጉሥ በሹሙ ትእዛዝ እንዲህ ሲሞት ዘመነ መሳፍንት ጀመረ ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ለእቴጌይቱ ግን የሞተባቸው ዘመን አልነበረም፤ በጉልበታቸው ያሳደጉት የልጃቸው ልጅ ነው። ደግሞ ይህ ራስ ሚካኤል የገዛ ልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል ሆኖ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ደም ያፈሰሰው ሰው በአማችነት ወደ ቤታቸው ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል የተጠላለፈ ኀዘን በመጽሐፈ ኢዮብም አላገኘሁም፤ የኢዮብ ልጆች የሞቱት ቤት ወድቆባቸው ነውና።

ከዚህ በኋላ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ርቀው በቁስቋም ተቀመጡ። ጦሩ ሲያስፈራቸው ወደ ጎጃም የሸሹበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ወደ ቁስቋም ተመለሱ። እኔ የምፈልገው ዘመናቸው ይህ ነው። ዘውድ በነበራቸው ጊዜ ይታመኑ እንደ ሆነ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ግንብ የሚያሠራ ወርቅ ላለው ሰው የእምነቱንና የወርቁን ድርሻ ማን ይለያል? አሁን ግን ልጅም የልጅ ልጅም፥ ወንድምም ሥልጣንም ሄደዋል። የቀሩት ቤተ ክርስቲያኑ፥ ሰዓታቱና በግቢው ያሉ ሰዎች ናቸው።

በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ከምጽዋ በኩል ጎንደር ገባ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን በብዙ ቅጽ ጽፎ አሳተመ። ሰውዬው መመካት የሚወድ ነው፤ ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ አልቀበልለትም፤ ስለ እቴጌይቱ ግን በአክብሮት ጽፏል። በመጣበት ወራት ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በቁስቋም ያሉ የእቴጌይቱ ቤተ ሰብ ልጆች ታመው አገኘ። ቤቱ ሁሉ ሐዘን ነበረ፤ ከገዳም የመጣ ባሕታዊ ይጸልይላቸው ዘንድ ተጠርቶ ነበር። እቴጌይቱና ወይዘሮ አስቴር ይህን የማያውቁትን እንግዳ፥ በሃይማኖትም የማይመስላቸውን ሰው፥ ወደ ልጆቹ አልጋ አስገቡት። እርሱም ተዘግቶ የነበረውን መስኮትና በር አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሆምጣጤም አሳጠበ። ከሕፃናቱ የሞቱ አሉ፤ የዳኑም አሉ፤ ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነው።

ይህን ነገር የምጽፈው ስለ ሐኪሙ ብዬ አይደለም። በሰበካችን ልጁ ሲታመም ወደ ሐኪም ቤት ቢወስደው እምነት ያጐደለ የሚመስለው አባት፥ መድኀኒት ከዋጠች ጠበሉ ይርቀኛል ብላ የምትፈራ እናት አሁንም አሉ፤ ንስሓ አባቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እቴጌ ምንትዋብ ባሕታዊውንም አላሰናበቱ፥ ሐኪሙንም በር ላይ አላቆሙ። መስኮቱ ሲከፈት እግዚአብሔር በመስኮቱ ይወጣል ብለው አልፈሩም። የሞቱትንም ሕፃናት ቀበሩ፤ ከዳኑት ጋርም ምስጋና አደረሱ፤ ሁለቱንም በአንድ ቤት ውስጥ አደረጉ። በየቀኑ ኑሮ መታመን ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ለዛሬው በሽተኛ ውኃ ማቅረብ።

ብሩስ ሌላም ነገር ጽፏል። እንግዳው በኢየሩሳሌም በኩል ያለፈ መሆኑን ሲሰሙ እቴጌይቱ አዘኑ፤ እርሳቸው ወደ ጌታችን መቃብር የሚያደርሳቸው ቢያገኙ፥ የቀረ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ጎዳና እየለመኑ ቢኖሩ ደስ እንደሚላቸው ነገሩት። በዘመናቸው ሁሉ ግብር ያበሉ፥ ነዳያንን በደጃቸው ያሰለፉ ሴት፥ ከነዳያኑ ወገን ለመቈጠር ተመኙ። ምኞታቸውም አልተፈጸመም። ኢየሩሳሌምን አላዩም።

ስለዚህ ምኞት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ ከኀዘን ብዛት የመጣ ነው፥ ንግሥት ሆነው የለመዱትን ሲያጡ ዓለምን ጠሉ ይላል። ይህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዓለምን የጠላ ሰው ምግብ ሠርቶ አያበላም፤ ከሕፃናት አልጋ አጠገብ አይቀመጥም፤ የእንግዳውን ወሬ እየጠየቀ አያመሽም። እርሳቸው ኢየሩሳሌምን እየተመኙ በቁስቋም ያለውን ሥራቸውን ሠሩ። እኛም ጋ እንዲሁ ነው፤ ልጇ በዐረብ አገር ያለባት እናት ስልኩ እስኪጮህ ድረስ በልቧ ባሕር ማዶ ናት፤ እጇ ግን ሊጥ ላይ ነው። ዘር የበተነ ገበሬም ሰማዩን እያየ ያርማል። ልባቸው በሩቅ ያለ፥ እጃቸው በቅርብ የሚሠራ ሰዎች በዚህ ሰበካ ሞልተዋል፤ የእቴጌይቱን ታሪክ ከማንም ይልቅ የሚረዱት እነርሱ ናቸው።

ራስ ሚካኤል በ1763 ዓ.ም. በሰርባኵሳ ተሸንፎ ተያዘ። እቴጌይቱ የጠላታቸውን ውድቀት በዓይናቸው አዩ፤ ነገር ግን የኢዮአስን ነፍስ አልመለሰላቸውም፤ ሰላምም ለጎንደር አልመጣም። ብሩስ በ1764 ዓ.ም. በታኅሣሥ ከአገር ሲወጣ በቁስቋም ተሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ባሠሩት ደብር ነው።

ከእርሳቸው በኋላ ደብሩ ብዙ አየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍትን ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ከተማውንም በ1859 ዓ.ም. አቃጠሉ። በእቴጌይቱ ዘመን በጎንደር ከተጻፉትና ከተሣሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወረሩ፤ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንም አቃጠሉ። አሁን ያለው ቤተ ክርስቲያን በኋላ የተሠራ ነው፤ የእቴጌይቱ ቤትና አዳራሽ ግን ጣራ የሌለው ፍርስራሽ ሆኖ ቀርቷል፤ በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ መስቀሉን በፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ይሄዳሉ።

ኅዳር 6 ቀን ማለዳ ግን የቀሐ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወንዙን እየተሻገረ ወደ ላይ ይወጣል። በደብሩ ውስጥ ፊቱ መስተዋት የሆነ አንድ አነስተኛ ሣጥን አለ። በውስጡ የሦስት ሰዎች ዐፅም ተቀምጧል፤ የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ነው። እናቲቱ ልጆቹን ከሁለቱ ወገን ይዛ እንደ ተኛች ሁሉ በአንድነት ናቸው።